ሰው የማይጠብቅ ምግብ፦ ከሐይቅ እስከ ሪያድ

ሪያድ ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ ቤቴ እየመጣ ይጠይቀኛል። ፎቁ እስከ የት ነው፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ሙቀቱስ ይቻላል ወይ ይለኛል። ስለ ምግቡ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ከዚያ ይዤ የመጣሁት ንዴት ሆዴ ውስጥ ስለሆነ ሳልጠየቅ እጽፈዋለሁ። አብዛኞቻችሁ ያን አገር አታዩትም። የምታዩት ብትኖሩም ለሥራ እንጂ እንደ እኔ ለመናደድ አትሄዱም።

ለማያውቀኝ አንባቢ፣ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ። አሁን ጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ፤ ጥርሶቼም አብረውኝ ጡረታ ወጥተዋል። የቀሩት ሁለት ሦስቱ ተቀያይመው አይገናኙም፤ አንዱ ላይ ነው፣ አንዱ ታች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ዶሮ ይህን ያህል የሚያወራ ሰው ማኘክ የሚችል እንዳይመስላችሁ ነው።

ልጄ አሕመድ ሪያድ ሠርቶ፣ ሪያድ ወልዶ፣ እዚያው ሞቶ ተቀብሯል። ሚስቱ ዘሃራና አንዲቷ ልጁ ሀያት እዚያው ቀርተዋል። ዘሃራ ደውላ ሀያትን የሚጠይቅ ሰው እንዳለ፣ አባቷ ስለሌለ መልሱን የምሰጠው እኔ እንደሆንኩ ነገረችኝ። የመስጊዳችን ሸህም እንደዚሁ አሉ፤ የአባቷ አባት ቃሉን ሳይሰጥ ኒካህ አይታሰርም። ታዲያ በስልክ እሺ ይበሉን ብትለኝ፣ ልጅ በስልክ አይሰጥም አልኳት። እውነቴን ነው። አውሮፕላን የመሳፈር ጉጉቴም እውነት ነበር።

ረቡዕ

ከሐይቅ በሚኒባስ ደሴ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ላይ። በጣሳ ጭኮ፣ በከረጢት በሶ ይዣለሁ። በመንገዴ ሁሉ ሰው ደግፎኛል፤ ደሴ ላይ አንድ የማላውቀው ልጅ ሻንጣዬን ተሸክሞ ምርቃት ብቻ ተቀብሎ ሄደ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ከከሚሴ ለቤት ሥራ የምትሄድ ልጅ ነበረች። ምግብ ሲመጣ ሁለታችንም ደነገጥን። አንዷ ትንሽ ሳህን እንደ ቀበሌ ቤት በግድግዳ ተከፋፍላ፣ በየክፍሉ አንዳንድ ጉርሻ የማትሞላ ነገር ተቀምጣባታለች። ልጅቷ እኔን አይታ ልትማር ትጠብቃለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። በመጨረሻ እንደ አዋቂ ልሁን ብዬ ጣት የምታህለውን የወተት ብልቃጥ በአንድ ጥርሴ ከፈትኳት። ወተቷ ከኮቴ ላይ አረፈች። ልጅቷ በሻሽዋ እየጠረገችልኝ፣ «አባባ፣ እንኳን የእርስዎ ቀደመ፤ እኔም ልነክሳት ነበር» አለችኝ። ጭኮውን አወጣሁና በዚያች በተከፋፈለች ሳህን መካከል አስቀምጬ ሁለታችን በላን። በጉዞው ሁሉ በደንብ የበላሁት ያንን ነው ማለት ይቻላል።

ሐሙስ

አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ ያሲን የሚባል ልጅ ነው። ዘሃራ ሥራ ላይ ስለሆነች በስልክ «የሰፈር ልጅ ነው፣ መኪና ስላለው ነው» አለችኝ። ሪያድ ያደገ የባቲ ልጅ፤ ቀጭን፣ አንገቱን ደፋ የሚያደርግ፣ አማርኛውን ቃል በቃል እየፈለገ የሚያወጣ። ሻንጣዬን ተቀበለኝ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቀልኝ፣ ቀበቶውን አሠረልኝ። ይህን ያህል ዘመን መሪ ይዤ ኖሬ ሰው እንደ ሕፃን አሥሮኝ አያውቅም።

መንገዱን ሳይ ቀናሁ። ባቲ ዳገት ላይ ያለቀው ፍሬን ሁሉ ትዝ አለኝ። ይህን መንገድ ለእኛ ሰጥተውን ቢሆን እኔ እስካሁን ጥርስ ይኖረኝ ነበር።

ራውዳ የሚባለው ሰፈር ስንደርስ ራበዎት ወይ አለኝ። አዎ ስለው ከመኪናዎች ሰልፍ ኋላ ገባ። ግጭት መስሎኝ አንገቴን አወጣሁ። ለምግብ ነው አለኝ። መኪና ምግብ ለመብላት ሲሰለፍ አይቼ አላውቅም። ተራችን ሲደርስ ከአንድ ሳጥን ውስጥ ድምፅ ወጣ፤ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። ሰላምታ ለሰጠ ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው። ከእነ ረሕመቱ መለስኩ፤ ደኅና ነህ ወይ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ፣ ከብቱስ አልኩት። ሳጥኑ ዝም አለ። ያሲን ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋ።

ልጁ የሚሠራው እዚያው ዶሮ ጠብሶ የሚሸጥ ምግብ ቤት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። እንዴት ነው ታዲያ ዶሮውን የምትሠሩት ስለው አስረዳኝ። ዘይት ውስጥ ይከታል፤ ደወል ሲጮኽ ያወጣል። ከዚህ ሌላ አይነካም።

«ታዲያ አብሳዩ ደወሉ ነው እንጂ አንተ ነህ?» አልኩት።

«ልክ ነው አባቴ። እኔ የደወሉ ረዳት ነኝ» አለኝ። መልሱን ወደድኩለት፤ እኔም ከረዳትነት ነው የተነሳሁት።

ምግቡ በሳጥን መጣና ጭኔ ላይ ተቀመጠ። ቤት እንሂድ ስለው፣ «አይ፣ ቶሎ ይብሉት አባቴ፤ ይኼ ከቀዘቀዘ አይበላም» አለ። እሱም በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ ዶሮ ይዞ መንዳት ጀመረ። እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ መሪ ይዤ እህል ቀምሼ አላውቅም። ሾፌር ሲርበው ይቆማል፣ ይወርዳል፣ እጁን ይታጠባል። ሚሌ ላይ፣ ባቲ ላይ አንድ ትሪ ዙሪያ ነበር የምንበላው። ጎማ የፈነዳበት ጓደኛ ካለ ደግሞ ይጠበቃል። ትሪው ተከድኖ፣ ሆዳችን እየጮኸ፣ እሱን እየሰደብን እንጠብቀዋለን። ምግቡም ይጠብቀዋል። የእኛ ምግብ ሰው መጠበቅ ያውቃል። ይኼ ምን ዓይነት ምግብ ነው ሰው የማይጠብቅ? ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት።

ነገርኩት ስላችሁ አፌ ባዶ ሆኖ አይደለም። እየተቆጣሁ ሦስት ቁራጭ ጨረስኩ። ለስላሳ ነው፣ ጥርስ አይፈልግም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ጁምዓ

ከስግደት ስንመለስ ምሳውን በጉጉት ጠበቅሁ። በእኛ ቤት የጁምዓ ምሳ ላይ የሚቀር ሰው የታመመ ብቻ ነው። በሩ ተንኳኳ፤ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ከረጢት ሰጥቶ ሮጠ። ሀያት ከከረጢቱ አንድ ሳጥን ይዛ ክፍሏ ገባች። ዘሃራ የራሷን ይዛ ወጥ ቤት ቆማ መብላት ጀመረች። እኔ ሳሎን ብቻዬን ከቴሌቪዥኑ ጋር፣ እንደ እስረኛ ስንቄ በጉልበቴ ላይ ተቀመጠልኝ። ከፈትኩት። ሥጋውን በዳቦ መካከል ደብቀውታል፤ እንዲህ ከሚደብቁት ባይሰጡኝ ይሻል ነበር።

ተነሥቼ የሀያትን በር አንኳኳሁና ቁጣዬን አወረድኩባት። ይህን የአሜሪካን ምግብ አንቺ አሳየሽኝ እንዳትይ፣ እኔ ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ አልኳት። እውነትም አውቀዋለሁ። በድርቁ ዘመን ከአሰብ ወደብ ወደ ወሎ የጫንኩት እሱን ነው። ስንዴው በጆንያ፣ ዘይቱ በቆርቆሮ፤ ቆርቆሮው ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች አሉበት። ቢጫው በቆሎ ሲመጣ የአገሬ ሴቶች የፈረስ መኖ ነው ብለው ሰደቡት፤ ሰድበውም ቂጣ ጋገሩት። ስንዴውን ከማሽላ ቀላቅለው እንጀራ አደረጉት፣ ነፍሮ ንፍሮ ሆነ፣ ተቆልቶ ቆሎ ሆነ። የዘይቱ ቆርቆሮ ውሃ መቅጃ ሆነ፣ ተዘርግቶም በር ሆነ። ያ ምግብ ጥሬውን ነበር የሚመጣው፤ ስለዚህ እጃችን ይገባበትና የእኛ ይሆን ነበር። አሁን የሚመጣው በስሎ፣ ተጠቅልሎ፣ ለስንት ሰው እንደሚሆን ተወስኖ ነው። እሱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚበላው ሰው ነው። ደግሞም ያኔ ለስንዴው ያሰለፈን ራብ ነበር። ዛሬ ጠግበን፣ በመኪና ሆነን እንሰለፋለን።

ሀያት ጥብሱን ድንች እያኘከች በትዕግሥት ሰማችኝ። አንተ ነው የምትለኝ፤ ከአረብኛው የተረፈው አማርኛዋ አንቱን አያውቅም። አያቴ ለማለትም ጅዲ ነው የምትለው።

«ጅዲ፣ ሾፌር ሆነህ መንገድ ላይ ምን ትበላ ነበር?»

«ፓስታ» አልኳት በኩራት።

«ፓስታ የማን ነው?»

«የሾፌር ነው።»

ሳቀች። አባቷን መስላ ነው የምትስቀው፤ በአፍንጫዋ። ወደ ሳጥኔ ተመለስኩ፤ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ። ያሲን እንዳለው ነው፤ አይበላም።

ቅዳሜ

ዘሃራ ሱለይማኒያ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ወጥ ትሠራለች። ከፊሏ፣ ማለት ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ የያዘላት አሠሪዋ፣ አቡ ፋህድ የሚባል የእኔው እኩያ ነው። የአሕመድ አባት መጣ ሲባል ያለ ምሳ አይመለስም ብሎ አስጠራኝ። አረብኛዬ ከአሰብ ወደብ የለቀምኩት ስለሆነ ስድብና የምግብ ስም ብቻ ነው። ስድቡን ዋጥ አድርጌ በቀረው፣ የጎደለውንም ዘሃራ እየተረጎመችልን ተግባባን።

ከብሳው በአንድ ሰፊ ትሪ ምንጣፍ ላይ ቀረበ። ሩዝ ነው፣ በላዩ በግ። አቡ ፋህድ አፌን አንዴ አየና ሥጋውን ከአጥንት እየለየ፣ በጣቱ እያላላ፣ በእኔ በኩል ይከምረው ጀመር። የማላውቀው ሰው ጥርስ ሆነልኝ። ዓይኔን ቅመም ነካኝ ብዬ ጠረግሁ።

ከአጠገባችን የልጅ ልጆቹ መሆን ነበረባቸው። አልነበሩም። ላይ ፎቅ ናቸው አለኝ በጣቱ እያሳየ፤ ሳጥን መጥቶላቸዋል። አባቱ ዘይት ለሚቆፍሩት አሜሪካኖች የቀን ሠራተኛ ሆኖ፣ የመጀመሪያዋን የታሸገ ሥጋ ቆርቆሮ ቤት ሲያመጣ አያቱ ከነቆርቆሮዋ አሸዋ ውስጥ እንደቀበሯት አጫወተኝ። እኔም ጥሩ አደረጉ አልኩ። ከዚያ ግን አንገቱን ነቀነቀና፣ እኛስ ብንሆን አለኝ፣ አያቴ ተምርና ስንዴ ነበር የሚበላው፤ ይህ ሩዝ ራሱ በመርከብ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ሆኖ መጣ፣ ትሪው ላይ ተቀመጠ፣ የቤት ሰው ሆነ። የዛሬው እንግዳ ግን ትሪው ላይ አልቀመጥም አለ። ሁለት ሽማግሌዎች ሩዝ እየጠቀጠቅን አገር ረገምን። የጉዞዬ ጥሩ ቀን ይኼ ነበር፤ እስከ ማታ ድረስ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዘሃራ ቀስ ብላ፣ «አባየ፣ ያሲንን እንዴት አዩት?» አለችኝ።

ጥሩ ልጅ ነው አልኳት። ምነው?

«ጠያቂው እሱ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ በእኛ ወገን ያለውን ወግ ታውቃለህ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ወገን መልስ ሳያገኝ ከልጅቷ ቤት እህል አይቀምስም። የልጅቷም ወገን ከጠያቂው እጅ አይቀምስም። የቀመሰ እሺ እንዳለ ይቆጠራል። እኔ ደግሞ በመጣሁበት ቀን፣ ኮቴ ገና በወተት እርጥብ ሆኖ፣ እሺታዬን ሦስት ቁራጭ አድርጌ ውጬዋለሁ።

እሑድ

ቀኑን በሙሉ አኮረፍኩ። በሶዬን በጥብጬ ግድግዳ እያየሁ ጠጣሁ። ዘሃራ ወጉን ረስታው እንደሆነ ማለች። ጠያቂው ነው ብላኝ ቢሆን መኪናው ውስጥ እንደማልገባ፣ ሰውየውን ሳላይ በሥራው እንደምፈርድበት ስለምታውቅ ነው የደበቀችኝ። ልክ ብላለች፤ ልክ ማለቷ ይበልጥ አናደደኝ።

ግን ከመታለሌ በላይ የከነከነኝ ሌላ ነው። ሳጥን ከፍታ ለምትበላ ልጅ ሳጥን የሚሞላ ባል ሊሰጣት ነው። ሁለቱ ቤት ቢይዙ አንዱ እዚያ ክፍል፣ አንዱ እዚህ ክፍል፤ ሲወልዱም ልጁ በመስኮት ሳጥን ይቀበላል። ከአሕመድ ዘር አንድ ትሪ የሚከብ ሰው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ አልሰጥም አልኩ። ማክሰኞ ተመላሽ ነኝ፤ እኔ ቃሌን ሳልሰጥ ከሄድኩ ነገሩ አበቃለት። ሀያት አላለቀሰችም። «ኸላስ፣ በቃ» አለችና በሯን ዘጋች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዙሁር ስግደት በኋላ ወጥ ቤት ውሃ ልጠጣ ገብቼ ቀና ስል፣ ቁም ሣጥኑ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር አየሁ። ምንድን ነው አልኳት ዘሃራን።

«ትሪው ነው። አሕመድ የገዛው።»

«ታዲያ ትሪ እያለሽ ነው በሳጥን የምታበይኝ?»

ሽንኩርት መላጧን ሳታቆም መለሰችልኝ። «እሱ ከሞተ በኋላ ጥቂት ቀን አቀረብኩት፣ አባየ። ትሪ ሲቀርብ የእሱ ቦታ ክፍት ሆኖ ይታያል። ልጅቷ ያችን ቦታ እያየች አልበላም አለች። ለእኔም አልዋጥልኝ አለ። ሳጥን ይሻላል። ሳጥን የጎደለውን ሰው አያሳይም።»

ውሃውን ሳልጠጣ ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በአሜሪካ ላይ ስጮህ የከረምኩት ልጄ የጎደለበት ቤት ውስጥ ነበር። ንዴቴ አልጠፋም፤ ማን ላይ እንደማደርገው ግን ግራ ገባኝ። በመጨረሻ ወንበር ላይ ልወጣ ሞከርኩ። ዘሃራ ሊወድቁ ነው ብላ ወገቤን ያዘችኝ፤ በዚያው ተያይዘን ትሪውን አወረድነው።

ሰኞ

ሳልሰማቸው አልሄድም ብዬ የያሲን ወገኖች ከመግሪብ ስግደት በኋላ እንዲመጡ አስነገርኩ። ዘሃራ ወጥ ልትሠራ ሽንኩርቷን ልጣ፣ ዶሮዋን አጥባ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን እነ አቡ ፋህድ እንግዳ መጥቶባቸው ተጠራች። ከፊል ሲጠራ እምቢ አይባልም። እሷ ስትሮጥ፣ ሀያት ወጥ አትችልም፤ እኔም በሶ ብቻ ነው የምችለው። እንግዶቹ ሲያንኳኩ ቤታችን ውስጥ የበሰለ ነገር አልነበረም።

የመጡት የያሲን አጎት እንድሪስና ያሲን ራሱ ናቸው። እንድሪስ ሱለይ በሚባል ሰፈር መጋዘን የሚጠብቅ፣ ከእኔ ጥቂት የሚያንስ የባቲ ሰው ነው። ያሲን በሁለት እጁ ከረጢት ተሸክሟል። ዘሃራ ደውላ ምግብ የለም ስትለው ከሥራው ዶሮ ይዞ መጣ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ምግቡን ራሱ ይዞ ሲመጣ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ዘሃራ አባያዋን ሳታወልቅ እያለከለከች ደረሰች። ያሲን ሳጥኖቹን እንደ ለመደው በየሰው ፊት ሊደረድር ሲል እጁን ያዝኩት። ትሪውን አመጣሁ፣ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ገልብጬ መሐል አፈሰስኳቸው። ሴቶቹም ይቅረቡ አልኩ። እንድሪስ ቅንድቡን ከፍ አደረገና ቦታ ለቀቀላቸው።

ያሲን ሞቅ እያለ ይብሉ ብሎ እጁን ሲሰድ አጎቱ መታ አደረጋት። ከዚያ ተስተካክሎ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ ከዚህ ቤት እህል አንቀምስም አለ። የያዘው ወግ ደስ አለኝ፤ የእኔን ሦስት ቁራጭ እንዳልሰማ ገባኝ። ያሲን አልነገረብኝም ማለት ነው። ቢነግርብኝ ኖሮ እሺታዬን እንዳገኙ ቆጥረው ይገቡ ነበር። ልጁን ቀና ብዬ አየሁት፤ ምንጣፉን ያያል።

እንድሪስ በወጉ ተናገረ፤ ዘር ቆጠረ፣ ልጁ እንደማይሰክር፣ እንደማይዋሽ መሰከረ። ዶሮው ላይ የነበረው እንፋሎት ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ። ሁላችንም እናየዋለን። ያሲን ሥራው ስለሆነ ይበልጥ ያየዋል፤ ደወል የሚጮኽ ይመስል ጆሮውን ያሻል።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። ከሥራህ ስትመለስ ቤትህ ማን ይጠብቅሃል አልኩት።

«ማንም። በየሰዓታችን ነው የምንገባው፤ ሁሉም የራሱን በልቶ ይተኛል።»

ሳልጠይቃት ሀያት ተናገረች። አማርኛዋን አቀናች፣ ቃሎቹን አንድ በአንድ አወጣች። «ጅዲ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ።»

«ምግቡ ይቀዘቅዛል» አልኳት።

«ይቀዝቅዝ።»

ትሪውን ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ዙሪያው ሰው ነበር፤ ክፍት ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም። ዘሃራም እንደ እኔ ስትፈልግ ዓይኗን ያዝኩት።

«ብሉ» አልኩ።

እንድሪስ አልሐምዱሊላህ ብሎ መጀመሪያ እጁን ሰደደ። ያሲን ከሁሉም ለስላሳውን ቁራጭ ፈልጎ በእኔ በኩል አስቀመጠ። ዶሮው ቀዝቅዞ እንደ ጫማ ሶል ሆኗል፣ ዘይቱ ረግቷል፣ ድንቹ ገመድ መስሏል። ይህን ነገር ምግብ ብሎ የሚሸጥ ሰው ላይ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ትሪው ላይ ግን አንድ ቁራጭ አላስተረፍንም።